ቀንዲልና ጩቤ

ጥር 12 ቀን 1928 ዓ.ም. የጥምቀት ማግሥት ነበረ። በዚያ ዕለት በተንቤን፣ ወርቅ አምባ አጠገብ፣ ኢጣልያዊው ዶሚኒካዊ አባ ሬጂናልዶ ጁልያኒ የጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ካህን ሆነው በዘመቱበት ውጊያ ተገደሉ። መንግሥታቸው የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው፤ በአገራቸውም ጎዳናዎች በስማቸው ተሰየሙ።

ለሚያጣጥር ወታደር ንስሐና ቅዱስ ቀንዲል መስጠት የጦርነቱን ፍትሐዊነት መመስከር አይደለም። ወራሪም ቢሆን ነፍሱ የክርስቶስ ናት። ስለዚህ እኚህ ካህን ባይዘምቱ ይሻል ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህን ማለት ባይቀልም። ነገር ግን እኚሁ አባት እ.ኤ.አ. በ1920 በፊዩሜ ከተማ፣ በቅዱስ ቪቶ ቤተ ክርስቲያን፣ ለባለቅኔው የጦር መሪ ለዳኑንዚዮ የተበረከተውን ጩቤ ባርከው ነበር። ቀንዲል የሚቀባው እጅ ጩቤ ሲባርክ፣ ካህኑ የሟቹ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ የአዛዡ ይሆናል። በተንቤንም ያ አዛዥ፣ ማርሻል ባዶሊዮ፣ በክርስቲያኖች ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። እርሳቸውም ገለልተኛ አልነበሩም፤ ከተወረረው ሕዝብ ጋር ቆመዋል። እንግዲህ ከካህን የሚፈለገው ገለልተኝነት ነው የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሰማ መልስ አያጠግብም።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሐዋርያዊ ደንብ የሠራዊት ካህናት በራሳቸው ጳጳስ ሥር እንዲተዳደሩ ሥርዓት ሠርተዋል። ሆኖም በብዙ አገሮች ማዕርጉንም ደመወዙንም የሚሰጠው ዛሬም ሠራዊቱ ነው፤ አዛዡን «ይህን አልባርክም» የሚለው ካህን የሚናገረው ይህንኑ እንጀራ እየበላ ነው።