የሚያጠጣውስ ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣ ይህን ጽሑፍ በኑዛዜ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ችግኝ ልንተክል ወጥተን ነበር። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ በሁለት አውቶቡስ ሆነን፣ እየዘመርን ከከተማው ዳር ወዳለ ኮረብታ ሄድን። ከመትከላችን በፊት እኔ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አጭር ቃል አካፈልኩ። እግዚአብሔር ሰውን በገነት ሲያኖረው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት አደራ እንደሰጠው ተናገርኩ። ከዚያ 200 ችግኝ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ጸልየን ተመለስን። ያን ቀን ማታ ፎቶዎቹ በየስልካችን ሲዘዋወሩ አመሹ። እኔም ጥሩ ቀን ነበር ብዬ ተኛሁ።

የካቲት ላይ በዚያ በኩል የሚያሳልፍ ጉዳይ ገጠመኝና “እስቲ ዛፎቻችንን ልያቸው” ብዬ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። አብዛኞቹ ደርቀዋል። አንዳንዶቹን ከብት በልቷቸዋል። ችግኞቹ የመጡባቸው ጥቁር ላስቲኮች ግን ምንም አልሆኑም። እኛ በጣልናቸው ስፍራ ነበሩ፤ ነፋስ የወሰዳቸውም ከቁጥቋጦው ጋር ተጠላልፈዋል። በሕይወት ያሉትን ቆጠርኩ፤ ከ200ው 23 ብቻ ናቸው። ከ23ቱ ደግሞ 14ቱ በአንድ ቤት አጥር ሥር በተርታ የቆሙ ናቸው። ዙሪያቸው በእሾህ ታጥሯል፤ ሥራቸው ያለው አፈርም እርጥብ ነው።

እያየኋቸው ሳለ አንዲት እናት ከቤታቸው ወጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ “እማማ፣ እነዚህን የሚንከባከባቸው ማን ነው?” አልኳቸው።

“እኔ ነኝ፣ ልጄ። የምስሩን የሽንብራውን እጣቢ ከምደፋው ብዬ ነው።” ትንሽ ካዩኝ በኋላ “እናንተ ናችሁ እንዴ ያን ጊዜ መጥታችሁ የነበረው? መዝሙራችሁ ደስ ይል ነበር። ስትሄዱ ግን ‘የሚያጠጣውስ ማን ነው?’ ብዬ ነበር” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኚህ እናት በፎቶአችን ውስጥ የሉም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ን የሰበክሁት እኔ ነበርኩ፤ የፈጸሙት ግን እርሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ይህን ለወጣቶቹ ነገርኳቸው። ብዙዎች ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ወንድም በቅንነት ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። የመጀመሪያው “ይህች ምድር የምትጠፋ ናት፤ ለምን እንደክምላታለን?” የሚል ነው። ሁለተኛው “እኔ አንድ ችግኝ ባጠጣ፣ አንድ ሃይላንድ ከመሬት ባነሣ ምን ይለወጣል?” የሚል ነው። እናንተም በልባችሁ ሳትጠይቁ አትቀሩም ብዬ ስለማስብ፣ ሁለቱንም አብረን እንያቸው።

ምድር ታልፋለች የሚለው ሐሳብ የሚነሣው በተለይ ከ2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ነው። ግን ያን ምዕራፍ ሳታቋርጡ አንብቡት። ሐዋርያው ሁሉ እንደሚቀልጥ ከተናገረ በኋላ “እንግዲህ እንደ ፈለጋችሁ ሁኑ” አላለም። ይህን እያወቃችሁ ኑሮአችሁ ምን ያህል ቅዱስ መሆን ይገባዋል ብሎ ነው የጠየቀው። ይህ ሥጋችንም እኮ አንድ ቀን አፈር ይሆናል። እንዲህም ሆኖ ፊታችንን ሳንታጠብ አንውልም። የታመመ ወንድማችንንም “ለማንኛውም መሞትህ አይቀርም” ብለን ቤት አናስተኛውም። የሚያልፍ ነገር ሁሉ የሚናቅ ነገር አይደለም። በአደራ የተሰጠን ነገር የእኛ እስካልሆነ ድረስ፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪረከበን እንጠብቀዋለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አንድ ሃይላንድ ማንሣት ዓለምን አያድንም። ዓለምን ማዳን ግን ከመጀመሪያውም የእኛ ሥራ አልነበረም፤ ዓለም አዳኝ አላት። እኛ የተሰጠን የመጋቢነት ሥራ ነው። መጋቢ ደግሞ የሚጠየቀው በታማኝነቱ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ አምስት ሺህ ያህል ወንዶችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ከመገበ በኋላ፣ ምንም እንዳይባክን የተረፈውን እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው። አስቡት፤ ከአምስት እንጀራ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያጠገበ ጌታ ፍርፋሪ ለምን ያስለቅማል? ነገ እንጀራ እንዳያጣ ፈርቶ አይደለም። ከአባቱ እጅ የተቀበለው ሁሉ ለእርሱ ስጦታ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስጦታ ደግሞ ስለበዛ አይረገጥም። ሌሎቹ ወንጌላት እንደሚነግሩን ለሕዝቡ ያደሉት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። የተረፈውን የሰበሰቡትም እነርሱ ናቸው። ያ ታላቅ ተአምር ያበቃው በአሥራ ሁለት መሶብ ፍርፋሪ ለቀማ ነው።

አሁን የእኛን ጉባኤ አስቡ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወንበር ሥር ያለውን ሃይላንድ፣ የብስኩት ልጣጭና ሶፍት ማን ያነሣል? የእኛ ፕሮግራም በ“አሜን” ያልቃል፤ የጽዳት ሠራተኞቹ እናቶች ሥራ ግን ከ“አሜን” በኋላ ይጀምራል። ስለ ፍቅር ሁለት ሰዓት ተምረን ወንበራችን ሥር የተውነውን ቆሻሻ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ሲያነሡ ካለፍናቸው፣ ትምህርቱ የት ደረሰ?

ጥያቄው የባልንጀራ ጥያቄ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻ “ጣልኩት” ስንል “ጠፋ” ማለታችን ነው። ግን አይጠፋም፤ ስፍራ ብቻ ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርታት ቆሻሻችን የሄደበት ስፍራ ቆሼ ይባላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ የቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ በሥሩና በአጠገቡ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን ቤት ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። አገሪቱ የሐዘን ቀን አወጀች። አደጋው ከመድረሱ በፊት ብዙዎቹ በዚያ ስፍራ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ይተዳደሩ ነበር።

ያን አደጋ ያመጣው የእኔ አንድ ፌስታል ነው አልልም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከግለሰብ አቅም በላይ የሆነም አለበት። ግን ያ ተራራ በአንድ ቀን አልተቆለለም፤ ከየቤታችን በየቀኑ በወጣ ጥቂት ጥቂት ነገር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ቆሼ ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ለእያንዳንዳችን ቀላል የነበረው ነገር ተሰብስቦ ለጥቂት ድሆች የማይሸከሙት ሸክም ሆነ። እንግዲህ ትንሽ ጥፋት ተደምሮ ይህን ያህል ከከበደ፣ ትንሽ በጎ ሥራ ብቻ ተደምሮ ዋጋ የለውም ልንል አንችልም።

ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንሽ ሥራ ከትልቅ ሥራ ማምለጫ እንዳይሆን። አንድ ፌስታል አንሥቶ ኅሊናን ማስተኛት ይቻላል። ጎረቤታችን ኬንያ የነበረችውን ዋንጋሪ ማታይን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ናይሮቢ ውስጥ ከሌሎች ጋር የተከለችው ሰባት ዛፍ ነው፤ ከሰባቱም ብዙዎቹ አልቆዩም። እርሷ ግን አላቆመችም። የገጠር ሴቶች ችግኝ እንዲያፈሉና እንዲንከባከቡ አስተባበረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ብዙ ስድብ ችላ ተቃወመች፤ ሕንፃውም ሳይሠራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በሰባት ዛፍ የጀመረች ሴት ለትልቁ ጉዳይ ድፍረት ያገኘችው ከትንሹ ስላልሸሸች ይመስለኛል።

ለእኛም በአገራችን የምንማረው አለ። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ብታዩ እርሻ በእርሻ በሆነው ምድር መካከል ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉ ደኖች ናቸው፤ በሌላው ስፍራ የጠፉ አገር በቀል ዛፎች እዚያ ተርፈዋል። ያቆዩአቸው ለአንድ ቀን የወጡ ሰዎች ሳይሆኑ ለትውልዶች “ይህ የእግዚአብሔር ቅጥር ግቢ ነው” ብለው መጥረቢያ ያላነሡ ሰዎች ናቸው። እኛ ወንጌላውያን ግቢያችንን በአብዛኛው በሲሚንቶ ሸፍነነዋል። ይህን የምለው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ከወንድሞቻችን መማር ስለማያሳፍር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም ደስ ብሎናል። መትከል መልካም ነው። ግን ሐምሌ ዝናብ አለው፤ ሐምሌ ላይ ያለ እኛም ይጠጣል። ፍቅራችን የሚፈተነው በጥርና በየካቲት ነው። ከሐምሌ ፎቶ ይልቅ የየካቲት ጀሪካን ስለ ልባችን ይናገራል።

ስለዚህ በየቡድናችሁ እነዚህን ሞክሩ። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም በኋላ ሩብ ሰዓት ቆዩና አዳራሹን ከጽዳት እናቶቹ ጋር አጽዱ፤ ስማቸውንም እወቁ። ከቤታችሁ ኮዳ ወይም ኩባያ ይዛችሁ ኑ። የተጠራቀመውን ሃይላንድ ለይታችሁ ለቁራሌው ስጡ፤ ለእርሱ እንጀራው ነው። ለገበያ ዘንቢል ያዙ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል፤ እኛ ግን ቅጣት ከመፍራት በፊት ባልንጀራን በመውደድ እንተወው። ችግኝ ስትተክሉም ልታጠጡት የምትችሉትን ያህል ብቻ ትከሉ፤ ላስቲኩንም ይዛችሁ ተመለሱ።

እኛ ከዚያ እሑድ በኋላ ተራ አወጣን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አራት አራት ሆነን ጀሪካን ተሸክመን እንወጣለን። ላስቲኮቹን ለቀምናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኚያ እናት ሲያዩን ሳቁና ቡና አፈሉልን። ጥያቄ የጠየቀው ወንድም አንድም ተራ አላስቀረም። ከ23ቱ ሁለቱ ደርቀውብናል፤ 21ዱ አሉ። ዘንድሮ ሐምሌ 40 ብቻ ልንተክል ወስነናል። አንዳንዶች “አነሰ” ብለዋል። ለ40ው ግን የሚያጠጣ ሰው ስም በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል።

ጌታ በተሰጠን ትንሽ ነገር ታማኞች ያድርገን። አሜን።

ለቡድን ውይይት

1. ከፕሮግራማችን በኋላ የሚቀረውን ቆሻሻ የሚያነሣው ማን ነው? ስሙን ወይም ስሟን እናውቃለን?

2. ቡድናችን ጀምሮ ያላጠጣው ሥራ አለ? ችግኝ ብቻ ማለቴ አይደለም።