የደከመች እጅ ስታጠፋ በደሉ የማን ነው?

ሰው በፈቃዱ ስላደረገው ጥፋት እንዲጠየቅ የሚገባ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ፥ እንቅልፍም ተከልክሎ እጁ ብትስት፥ ጥፋቱ ከእርሱ ብቻ ይፈለጋልን? ወይስ ሸክሙን የጫነውም ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ በሐኪም ቤት ይከብዳል፤ በዚያ ትንሽ ስሕተት ነፍስ ታስከፍላለችና።

በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ከተማ፥ በ1984 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) አንዲት የ18 ዓመት ልጅ በትኩሳት ታማ ሐኪም ቤት ገባች፤ ጥቂት ሰዓታትም ሳትቈይ ሞተች። ሌሊቱን የተረከቧት ገና በመለማመድ ላይ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፤ በዚያም ዘመን ተለማማጅ ሐኪም ሌሊቱን ከቀን አያይዞ ያለ ዕረፍት መሥራቱ እንደ ደንብ የተቈጠረ ነበር። ቀድሞ ትወስደው ከነበረው መድኃኒት ጋር የማይስማማ ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። አባቷ ሕግ ዐዋቂና ጋዜጠኛ ነበርና ዝም አላለም። ነገሩን የመረመረው ሸንጎ ግን ሐኪሞቹን በወንጀል ከመክሰስ ይልቅ የሥራውን ሥርዓት ነቀፈ። ከዚህም የተነሣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 ተለማማጅ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገ፤ በ2003ም ወሰኑ ለአገሪቱ ሁሉ ሆነ። ሰማንያ ሰዓት እንደ ምሕረት መቈጠሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

የምንናገርለት ድካም አንድ ሌሊት ተኝተው የሚገላገሉት አይደለም። በ1974 ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ድኾችን በነጻ በሚያክም ቤት የሚሠሩትን አይቶ፥ ነገሩን ተቃጥሎ እንደ ማለቅ ያለ ስም ሰጠው። ክርስቲና ማስላክም በ1981 ከባልደረባዋ ጋር መለኪያ አወጣችለት። ምልክቶቹ የልብ መዛል፥ በሽተኛውን እንደ ዕቃ መቍጠር፥ የሠሩትም ሥራ ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት ናቸው። ለእኔ ሁለተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ለሰው ሊራራ የመጣውን ሰው ራሱን ርኅራኄውን ይነጥቀዋልና። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ይህን ነገር ከበሽታ ሳይቈጥር፥ በሚገባ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ብሎ መዘገበው።

እንግዲህ ምንጩ ከሥራው ከሆነ፥ ሠራተኛውን ብቻ «ታገሥ፥ በርታ» ማለት ምን ይረባል? በየሐኪም ቤቱ አተነፋፈስንና መረጋጋትን የሚያስተምሩ መምህራን ይቀጠራሉ፤ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ትዕግሥት ሰው ለራሱ መከራ የሚመርጣት ምግባር ናት እንጂ፥ ጫኚው ለተጫነው የሚያዝዛት አይደለችም። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር የመከረው የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም ነው። ሙሴን ስለ ልቡ አልገሠጸውም፤ የሥራውን አከፋፈል አየ፤ ሕዝቡም አብሮ እንደሚደክም አስተዋለ።

በዘመናችንም ይኸው ተመዝኗል። ሊንዳ ኤይከን ከባልደረቦቿ ጋር በፔንስልቬንያ ግዛት 168 ሐኪም ቤቶችን መርምራ በ2002 እንዳሳተመችው፥ ለአንዲት አስታማሚ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቍጥር፥ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በመቶ 7 ያህል፥ አስታማሚዋም የመዛሏ ዕድል በመቶ 23 ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የካሊፎርንያ ግዛት ለአንዲት አስታማሚ የሚሰጡትን በሽተኞች ቍጥር በሕግ ወስኖ ከ2004 ጀምሮ ሠራበት።

ሰዓት መቀነስ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2011 በአሜሪካ የአንደኛ ዓመት ተለማማጅ ባንድ ጊዜ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር፤ በሽተኛው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ በዛ ተባለና በ2017 ክልከላው ተነሣ። ሰዓቱስ በምን ያልቃል? በ2016 የታተመ ጥናት፥ ሐኪሙ ከበሽተኛው ጋር ለሚያሳልፈው ለአንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በኮምፒዩተር መዝገብና በጠረጴዛ ሥራ እንደሚያልቅበት ገለጠ። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪም ቤቶች ለሐኪሙ ጸሐፊ ሰጡት፤ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሐኪሙ ግን ዐይኑን ከመዝገቡ አንሥቶ ወደ በሽተኛው ይመልሳል።

«ሐኪም በጥቂቱ በሚገኝበት አገር፥ እርሱ ሲያርፍ በደጅ የወደቀው በሽተኛ ምን ይሁን?» የሚል ይኖራል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቃል ብቻም አይፈታም። ሆኖም የሌሊት ተራን አስቀድሞ ማስታወቅ፥ ሌሊት የሠራውን ጥዋት ማስተኛት፥ ታናሹን በበሽተኛ ፊት አለማዋረድ፥ ሥራው የት እንደሚጨንቃቸው ሠራተኞቹን መጠየቅ፥ ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። ደግሞም የዛለው ሐኪም ሥራውን ትቶ ሲሄድ በደጅ ያለው ሕዝብ ከሁሉ የባሰ ይጐዳል።

ጥፋት ደርሶ ምርመራ በተቀመጠ ጊዜም፥ የሐኪሙ ስም ብቻ ወደ ሸንጎ መቅረቡ አይበቃም። የዚያች ሌሊት የተራ ዝርዝር አብሮ ይቅረብ፤ ስንት በሽተኛ እንደ ነበረው፥ ስንት ሰዓትም እንዳልተኛ ይነበብ፤ ዝርዝሩን የጻፈውም ሰው ይጠራ።