ለሚነዳ ሰው መርዶ ይነገራል?

በቅርቡ አንድ ቤተሰብ የደረሰበትን ስንሰማ በማኅበራችን ውስጥ ብዙ ተወያየን። አባትየው ያገለገለ ግን ውድ የሆነ የጀርመን መኪና ገዝቶ፣ በድምፅ የሚታዘዝ ስልክ አስገጥሞበታል። አንድ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመለስ ስልኩ ጠራ። እጁን ከመሪው ሳያነሳ በቃሉ አዘዘው፤ መኪናውም አገናኘው። የደወለችው እኅቱ ነበረች። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «አባባ አረፉ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅዋ በየበሩ ካለው ድምፅ ማጉያ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አያታቸው መሞታቸውን የሰሙት ቀበቶ እንደታጠቁ ነው። አባትየው እንደምንም መኪናውን ወደ ዳር አወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደጋ አልደረሰም።

እኅቲቱን ለመውቀስ አንቸኩልም። የሞቱት የእርስዋም አባት ናቸው። ወንድምዋ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ አላየችም። እኛን ያሳሰበን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰውን የትም ቦታ ማግኘት ከተቻለ፣ የትም ቦታ ሆኖ የመጣውን ሁሉ እንዲሰማ ማድረግ ተገቢ ነውን?

እንደሚታወቀው የመኪና ስልክ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፔሌፎን የተባለው ኩባንያ ሥራ ሲጀምር ስልኮቹ በአብዛኛው መኪና ላይ የሚገጠሙ ነበሩ። ስሙ ተአምር ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ ሰው ማንኛውንም ተንቀሳቃሽ ስልክ በዚሁ ስም ይጠራል። በ1996 ደግሞ መርሴዲስ ቤንዝ ሊንጓትሮኒክ የተባለውን መሣሪያ በታላላቆቹ የኤስ ክላስ መኪኖች ላይ አወጣ። ነጂው ቁጥሩን በአፉ ሲናገር መኪናው ይደውልለታል። ያን ጊዜ የባለጸጋ ዕቃ የነበረው ዛሬ በተራው መኪናም ይገኛል። አሮጌ መኪና ያለውም ዲቡሪት ያስገጥማል። አንዳንዱ መኪና የመጣውን መልእክት ጮክ ብሎ ያነባል። (የአማርኛ ስሞቻችንን ሲያነብ የሚያደርገውን ለሰማ ሰው መሳቅ አይቀርም።) ሕጉም ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትን ሲከለክል በዲቡሪት መነጋገርን ይፈቅዳል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን «እጄ ነጻ ነው» ብለን እንረጋጋለን። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት ግን፣ ነጂው መኪናውን በድምፅ አዝዞ ከጨረሰ በኋላ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች እስከ 27 ሴኮንድ ድረስ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ አይመለስም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 675 ሜትር ያህል ነው። ይህ እንግዲህ ስልክ ደውል፣ ዘፈን ቀይር ብሎ ለማዘዝ ነው። የአባት ሞት ስንት ሜትር ይወስዳል? በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው መንገዱን ስለሚያይ ጨዋታውን ከመንገዱ ጋር እንደሚያስማማ፣ በስልክ ያለው ግን ይህን ማድረግ እንደማይችል አመልክቷል።

ወላጆቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። በጎንደር መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄደው፣ ዘመድና ጎረቤት በአጠገቡ መኖሩን አረጋግጠው ነው። ቢወድቅ የሚደግፈው እጅ ቀድሞ ይዘጋጃል። በገበያ መካከል ወይም በመንገድ ላይ ለብቻው ላገኙት ሰው መርዶ መንገር ነውር ነው።

ወጣቶቹ ግን የሚሉት አላቸው፤ ልንሰማቸውም ይገባል። በዚህ አገር ቀብር አይዘገይም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ይፈጸማል። ማለዳ እስኪሆን፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ቢጠበቅ ልጅ ከአባቱ ቀብር ይቀራል። አንድ ወጣት «እኔን ለመጠበቅ ብላችሁ አባቴን እንዳልሸኝ ብታደርጉኝ ይቅር አልላችሁም» ብሎናል። እውነቱን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «እየነዳህ ነው? እንግዲያውስ መኪናውን አቁም» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዴ መኪናህን አቁም ያልከው ሰው መርዶውን ሰምቷል፤ የቀረው የማን እንደሆነ ብቻ ነው። «ትንሽ አሟቸው ነው፣ ቶሎ ና» የሚለው የቆየ ዘዴም አለ። በዚህ ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። ግማሾቻችን ለበጎ የተነገረ ነው እንላለን። የቀረነው ደግሞ፣ የታመመ አባቱን በሕይወት ለማግኘት የሚበር ሰው ከማንም ይልቅ በፍጥነት ይነዳል እንላለን። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ያመዝንብናል።

የሚሻለው መጀመሪያ ወደ ሰውየው አለመደወል ነው። ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሥራ ባልደረባው ተደውሎ የት እንዳለ ይጠየቅ፤ በአካል የሚደርስበት ሰው ይፈለግ። አንድ ሰዓት ቢያዘገይ ነው እንጂ ቀብር አያስቀርም። በነጂው በኩልም ግዴታ አለ። ስልኩን ሲከፍት፣ ደዋዩ አፉን ሳይከፍት፣ «መኪና ውስጥ ነኝ፣ ልጆቹም አብረውኝ ናቸው፣ ድምፅሽ ለሁሉም ይሰማል» ይበል። ለመርዶ ብቻ አይደለም። ስለ ትዳሯ ጠብ፣ ስለ ሕመሟ ልትነግረው የደወለች እኅት ማን እንደሚሰማት የማወቅ መብት አላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና።

እናቶቻችን በስልክ ሰላምታ ሲያበዙ ልጆች ይስቁባቸዋል። እንደምን ዋልክ፣ ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ፣ ጤናስ፣ ሥራስ እያሉ ደቂቃ ይፈጃሉ። እኛ ግን ከዚያ ነገር በኋላ ልብ ብለን ስናዳምጥ፣ አንዲት እናት ሰላምታዋን ሳትጨርስ በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩንባ ሰማች። «በል ልጄ፣ ቤትህ ስትገባ ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።