ስለ ቁርባን ጋብቻና ስለ ዳኛ በር

ከካህናት ወንድሞቻችን መካከል ብዙዎች በዚህ ዘመን አንድ ቅሬታ ሲያሰሙ እንሰማለን። ቤተ ክርስቲያን በጸሎት፣ በቅብዓ ቅዱስ፣ በአክሊል፣ በመጨረሻም በሥጋ ወደሙ አንድ ያደረገቻቸውን ባልና ሚስት የመንግሥት ዳኛ በአንድ ወረቀት ያለያያቸዋል፤ እኛ ያሰርነውን እርሱ በምን ሥልጣን ይፈታዋል? ይላሉ። ነገሩ ተራ ጭቅጭቅ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ከየካ ሚካኤል ወይም ከእንጦጦ ማርያም ካባ ለብሳ በተክሊል የወጣች ሙሽራ ከዓመታት በኋላ በየካ ካለው ችሎት ቀርባ ፍቺ ብትጠይቅ ችሎቱ ይሰማታል፤ ሲፈርድላትም በመንግሥት መዝገብ ባል የሌላት ሴት ትሆናለች። በዚያው ሳምንት እሑድ ማለዳ ወደ ደብሯ ስትመጣ ግን የነፍስ አባቷ ባለ ባል እንደ ሆነች ይቈጥራታል። እንግዲህ ይህች ሴት በአንዱ ዘንድ የተፈታች፣ በሌላው ዘንድ የታሰረች ናት። ከዳኛውና ከቄሱ ማናቸው እውነቱን ተናገሩ ቢባል፣ እኔ ሁለቱም ተናገሩ እላለሁ።

አስቀድሞ ሕጉ የሚለውን እንመልከት፤ ሳያነቡ መቈጣት ለሊቃውንት አይገባምና። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለጋብቻ ሦስት መግቢያ በር ያቆማል፤ በመንግሥት ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። ስለ ሃይማኖቱ በር ሕጉ ብዙ አይናገርም፤ የተጋቢዎቹ ሃይማኖት ጋብቻ ነው የሚለው ሥርዓት ከተፈጸመ እርሱም ጋብቻ ነው ብሎ ይቀበላል። ማን በተክሊል ይቁረብ፣ ማን ያለ ተክሊል ይቁረብ፣ ማንስ ንስሐ ይግባና ይቈይ፣ ይህን ሁሉ ለእኛ ትቶታል። መውጫው በር ግን ለሁሉ አንድ ነው። በየትኛውም በር የገባ በሞት ካልተለየ በቀር የሚወጣው በዳኛ ፊት ነው። የካህናቱ ቅሬታ የሚነሣውም ከዚህ ነው፤ መንግሥት በመግቢያው በር አክብሮን በመውጫው በር አላወቀንም ማለታቸው ነው።

ይህን አዲስ ነገር፣ የመለያየቱም ፍሬ አድርገው የሚያስቡ ይሳሳታሉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ አጽንቷት ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም የሚፈርስበት ምክንያትና ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ደነገገ። ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ ክርስቲያን በተቀቡበት፣ ጳጳሱ ከዙፋኑ አጠገብ በተቀመጡበት ዘመን እንኳ ዳኛው ቁርባንን ከሰማንያ ለይቶ አላየም።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። ከግብጻዊው ሊቅ ከኢብን አል አሳል ሥራ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ በሰፊው ያስተምራል፤ ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ይናገራል፤ የሚፈርስባቸውንም ምክንያቶች ራሱ ይዘረዝራል። ሕዝቡ ግን እንዴት ይኖር ነበር? ከካህናት በቀር አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያውም በሽማግሌና በዋስ ፊት፣ በንጉሥ ስም ተምሎ ይታሰራል፤ ባይስማሙም በሽማግሌ ፊት ሀብት ተካፍለው ይፈታል። ቁርባን የካህናትና በዕድሜ ገፍተው፣ አብረው ብዙ አይተው፣ እንግዲህ አንለያይም ያሉ ባልና ሚስት ነበረ። ሰማንያን የጠበቀው የንጉሥ ስም ነው፤ ቁርባንን የጠበቀው ግን ቅዱሱ ማዕድ ብቻ ነው። ቁርባኑን ያፈረሰ ሰው የሚያገኘው ቅጣት ከማዕዱ መራቅ ነበር፤ ቄስ ከሆነም ሁለተኛ ቢያገባ ክህነቱን ያጣል። ከዚህ የሚበልጥ ሰንሰለት አባቶቻችን አልፈለጉም። ሃይማኖትና መንግሥት ተለያዩ የሚለው ቃል በሕግ መጽሐፍ ሳይጻፍ ሁለቱ ጋብቻዎች በአንድ መንደር ጎን ለጎን ኖረዋል።

ለዚህ ምስክር ብንሻ ከእንጦጦ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እቴጌ ጣይቱ አስቀድመው ሌሎች ባሎች አግብተው የተለያዩ ነበሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ከወይዘሮ ባፈና ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል። ሁለቱም ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋቡ። በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ንጉሡ በታመሙ ጊዜ እቴጌይቱ አስታመሙ፤ መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ካራቋቸው በኋላም ከሕመምተኛው ባላቸው ጋር ቈዩ። ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በ1910 ዓ.ም. በየካቲት እስኪያርፉ ድረስ በዚያ ኖሩ። የቀደሙት ጋብቻዎች ሲፈርሱ የአገሩ ልማድ አልከለከለም፤ የመጨረሻውንም ያጸናው ዳኛ አይደለም።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይምጣ። አንድ አስተዋይ ሰው እንዲህ ቢለኝ፦ «ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይናገራል፤ ለእስልምና ተከታዮችም በዐዋጅ ቁጥር 188 በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተቋቁመዋል። ታዲያ የቈረቡት ሁለቱ ዐውቀው፣ ፈቅደው ቈረቡ፤ ያ ፈቃዳቸው እስከ ሞት ስለ ምን አያስራቸውም?» ይህ ክርክር ውሃ የሚቋጥር ነውና በችኰላ የሚመለስ አይደለም። ለመመለስ ግን በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት የወሰነውን አንድ ጉዳይ ማስታወስ ይጠቅማል። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት ልትዳኝ እንዳልፈቀደች ብትናገርም ፍርድ ቤቱ ፈረደባት፤ ይግባኙም አልጠቀማትም። ምክር ቤቱ ግን ያለ ፈቃዷ መዳኘቷ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረው። ነገሩ የእስልምና ተከታዮች ብቻ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ክርክሩ በተነሣበት ጊዜ ነው፤ እንቢ ማለት የማይቻልበት እሺታ ፈቃድ አይባልም። ፍትሐ ነገሥትም ጋብቻን በፈቃድ ላይ ሲመሠርት ይህንኑ መንገድ ጀምሮታል ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገድ ልውጣ። በገጠር ዲያቆን ቅስና ሳይቀበል ድንግል ማግባት ስለሚገባው፣ ገና የልጅነት ዘመኗን ያልጨረሰች ልጃገረድ ለእርሱ የምትዳርበት ልማድ ነበረ፤ በአንዳንድ ስፍራም አልጠፋም። ይህች ልጅ ፈቀደች ሊባል አይችልም። የ1992ቱ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ብሎ ሲወስን ከቤተ ክርስቲያን አንዳች አልወሰደም፤ ይልቁንም ፍትሐ ነገሥት የጠየቀውን ፈቃድ እውነተኛ አደረገላት።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን ለይቶ ማየት የሚማረው ገና በጉባኤ ቃና ነው። ሰሙን ብቻ የሚሰማ ሰው ቅኔውን ሰማ አይባልም፤ ዳሩ ግን ሰሙን የማያውቅ ወርቁን አያገኘውም። ጋብቻም ቤት፣ ሀብት፣ የልጅ አስተዳደግ፣ ስምና ውርስ አለው፤ ዳኛው ሥልጣን ያለው በዚህ ላይ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወርድ እናት ባሏ ቢያባርራት፣ በዚያ እንጨት የተሠራው ቤት እኩሌታው የእርሷ መሆኑን የሚያስከብርላት ዳኛ ነው እንጂ ተክሊል አይደለም። የ1952ቱ ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ ሁለቱን እኩል አስተዳዳሪዎች አደረጋቸው። ወርቁን ግን ዳኛው ሊነካው ቢፈልግ እንኳ አይደርስበትም። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ሁለቱን ባለ ገንዘቦች ለይቶ አሳይቷል፤ እኛ የቄሣርን ወታደር ጠርተን የእግዚአብሔርን ድርሻ እንዲጠብቅልን ማዘዝ አይገባንም። መሄድ የምትችል ሚስት ስትቀር መጽናቷ መጽናት ነው። በሩ ተቈልፎባት የቀረችውን ግን እስረኛ እንጂ ጽኑ አንላትም።

ይህ ማለት ቤተ ክርስቲያን ዝም ትበል ማለት አይደለም። በዐውደ ምሕረት የሚቆም ሰባኪ፣ ፍቺ በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነው፣ ቁርባን አይፈርስም ብሎ በሙሉ ድምፅ ሊሰብክ ይገባል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 እና 29 ይጠብቀዋል። ያው አንቀጽ 29 ግን፣ ባሌ ደበደበኝ፣ ካህኑም ታገሺ ብቻ አለኝ ብላ በአደባባይ የምትናገረውን ሴት ይጠብቃታል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል በብርቱ ከተከራከሩት አንዱ ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ በባሏ ስትሠቃይ ስለ ነበረች ሴት መንግሥትን ከወቀሰ በኋላ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ታገደ፤ እገዳው የተነሣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኛ ካህናት ነገሩ አይመለከተንም ብለን ዝም ማለታችን የሚያስመሰግን አልነበረም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው ታስረው፣ በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገድለዋል። የአንዱን አፍ የሚዘጋ እጅ የሌላውን አፍ ለመዝጋት አዲስ ጉልበት አይፈልግም። የቀድሞ ሊቃውንት ንጉሥን ሲገሥጹ ወርቁን በሰም ሸፍነው ነበር፤ ያደረጉትም ግልጽ ቃል አደጋ ስለነበረው ነው እንጂ ሰሙን ብቻ ወደው አልነበረም።

ሰባኪው የሚጠበቅበት ግን አንድ ነገር አለ። ትምህርቱን ይስበክ እንጂ ሰው አይጥራ። ፍርድ ቤት የሄደችን ሴት በስም ወይም በምልክት በሕዝብ ፊት ማዋረድ፣ ይልቁንም በንስሐ የተሰማን ነገር በስብከት ማውጣት፣ ሕግ ባይከሰውም እንኳ የክህነትን ነገር ያፈርሳል።

የሚያሳዝነኝን ደግሞ አልሸሽግም። በዳኛው በር የሚወጣው የበደለው ሲሆን፣ የሚቀረው ያልበደለው ነው። ሚስቱ ያለ በደሉ ጥላው የሄደች ባል፣ ወይም ባሏ ሌላ ቤት የሠራባት ሚስት፣ በመንግሥት ዘንድ ነፃ ሆኖ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ታስሮ ይቀራል። እዚህ ላይ የእኔ ትምህርት ሸክም አለው፤ ሸክሙም የሚወድቀው በደካማው ላይ ነው። ለእርሱ መልስ የምትሰጠው ምክር ቤት አይደለችም። ሊቃውንትና ጳጳሳት ፍትሐ ነገሥት የዘረዘራቸውን ምክንያቶች ዳግም መርምረው፣ ለተበደለው የሚሆን ግልጽ ሥርዓት ማቆም አለባቸው። ይህን ሥራ ሳንሠራ የዳኛውን በር ብንወቅስ ወቀሳችን ባዶ ነው።

ድንበሩ ከዚያም ወገን ሊከበር ይገባል። አንድ ቀን መንግሥት፣ በፍርድ ቤት የተፋታችውን ዳግመኛ በተክሊል አጋቡ ብሎ ቄስን ቢያዝ፣ ወይም ፍቺን የሚነቅፈውን ስብከት ወንጀል ቢያደርግ፣ ያን ጊዜ እንቢ ማለት ግዴታችን ይሆናል። እስከ ዛሬ ግን ሕጉ እንዲህ አላለም፤ ያላለውን እንዳለ አድርገን ሕዝቡን ማስቈጣት አይገባንም።

ሕጉ የተወልን ሌላ ስፍራም አለ፤ ብዙ ካህን አላስተዋለውም። የፍቺ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ዳኛው ባልና ሚስቱን ሊያስታርቅ ይሞክራል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። በእነዚያ ሦስት ወራት የነፍስ አባትን ከቤታቸው የሚያግድ ሕግ የለም። ከጥምቀት በኋላ በጥር ወር ከኰተቤ እስከ ሽሮ ሜዳ የሠርግ መኪና መንገዱን ሲሞላ፣ እኛ ካባና ጽና ይዘን በእያንዳንዱ ደብር እንገኛለን። ከአምስት ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ ከእነዚያው ሙሽሮች አንዱ ከችሎት የተሰጠውን የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ሲመለስ፣ ያን ወረቀት አይቶ «ልጄ፣ ዛሬ ማታ እመጣለሁ፤ ሁለታችሁም ቈዩኝ» የሚለው ቄስ ስንት ነው?