ያልመጣው ሰው ቦታ

ከሚሴ ላይ ሰርግ አለ እንበል። ዳሱ ተጥሏል፣ ድቤው መመታት ጀምሯል፣ ማሲንቆ መቺው ግን ታሞ ቀርቷል። በጥድፊያ ተደውሎ ሌላ ሰው ከባቲ ይመጣል። ዘፋኙ አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ እንግዳው በአማርኛ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው አያውቁም። ልምምድ የሚባል ነገር የለም። ዘፋኙ ያወጣል። እንግዳው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አቁሞ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ መቃኛውን በዝግታ ያዞራል፤ ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ይነካዋል እንጂ ገና አይስበውም። አንድ ዙር እንዲሁ ያልፋል። በሁለተኛው ይገባል።

እኔን የሚይዘኝ ያቺ አንድ ዙር ናት። በዚያች ቅጽበት ሰውዬው የማን ምትክ ነው?

ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው አዲሱን ልጅ ምትኩ ወይም ካሳሁን ይለዋል። ስሙ ያጽናናል፤ ለተሸካሚው ግን ይከብዳል። እናቲቱም ብትሆን ታናሹን ስትጠራ ታላቁ አቤት እንደማይላት ታውቃለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሳቅ የሌላ ልጅ ሳቅ ነው።

የባቲውን ሰው ከማያውቀው ዘፋኝ ጋር ያገናኘው ቅኝት ነው። ከከሚሴ ጋር በአንድ ዞን ያለችው ባቲ፣ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጎን ለሚሰለፈው ቅኝት ስሟን ሰጥታለች። አምስት ድምፆች ናቸው፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ተስማምተውባቸዋል። የትኛው ድምፅ ላይ መቆየት፣ የቱን ፈጥኖ መተው እንደሚገባ ግን ቅኝቱ አይናገርም። የታመመው ሰው እዚያ ላይ የራሱ አመል ነበረው፤ እንግዳውም የራሱ አለው። ስለዚህ የሚተካው ወንበሩ ብቻ ነው እላለሁ።

የራሱን አመል ይዞ ከእንግዶች ጋር የተጫወተ ሌላ ሰው ላንሳ። ከከሚሴ በስተደቡብ ይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሸላይ ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዘው። እሱም በፈንታው እንዲያጅቡት ጠየቃቸው፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሻካራ ጊታር የሚመቱ ፈረንጆችን ከኋላው አሰለፈ! ሳክስፎኑን አላለሰለሰላቸውም፣ እነሱም የፖሊስ ኦርኬስትራን ለመምሰል አልሞከሩም። ያ ሥራ ዛሬም የሚደመጠው በዚህ ይመስለኛል።

ወደ ከሚሴው ሰርግ ስንመለስ፣ ከባዱ ሸክም ያለው በነባሮቹ ላይ ነው። ዘፋኙና ድቤ መቺው ከታመመው ጓደኛቸው ጋር ለዓመታት ሲሠሩ የት እንደሚታጠፍ ስለሚያውቁ እርስ በርስ መደማመጥ ትተው ሊሆን ይችላል። እንግዳው ሲገባ ያ እውቀት አይሠራም፤ እንደገና ማዳመጥ ግድ ይሆንባቸዋል። «እንደ እገሌ ምታልን» የሚሉት፣ ለኔ፣ ይህን ድካም ሲሸሹ ነው።

እናም ሰርግ የምትደግሱ፣ ባንድ የምትመሩ ሁሉ፣ ተተኪው ደክሞት ከመኪና ሲወርድ ስለቀረው ሰው አታውሩለት። ውኃ ስጡት፣ ቅኝቱን ንገሩት፣ የመጀመሪያውን ዜማም እሱ ያውጣው።