ገበና በገበያ

ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ እኛ ጄፒ የምንለው መንገድ የመዝገብ ስሙ ራሂማ ሙሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ፕሪቶሪያ የተመመውን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ ነበሩ። ዱሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩ ፎቆች ተሸንሽነው የኢትዮጵያውያን ሱቅ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጂንስ፣ ጫማ። ከሊምፖፖ፣ ከዚምባብዌ፣ ከማላዊ የሚመጡ ቸርቻሪዎች ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ፎቅ ለፎቅ ዞረው ነበር ዕቃ የሚመርጡት። አሁን ብዙዎቹ አስቀድመው በስልክ ይመርጣሉ። ነጋዴው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አዲስ የገባውን ቀርጾ በዋትስአፕ ይለቀዋል፣ ወይም ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ይገባል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ በነበረበት ዘመን ላደገ ሰው፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሱቅ ያለው ነጋዴ የራሱ ጣቢያ ባለቤት መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

በነዚህ የሽያጭ ቪዲዮዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። እጅ ብርድ ልብሱን ይገለብጣል፣ ስፌቱን ይዘረጋል፤ ዋጋው በተሰባበረ ዙሉና እንግሊዝኛ ይነገራል። ፊት የለም። ምክንያቱን ጄፒ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፊቱ የታወቀ ነጋዴ ለዘራፊም ለአጋችም አድራሻ ሰጠ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 መጀመሪያ የመሐል ከተማው ነጋዴዎች ፖሊስ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አገሩን አዳርሶ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ትልቅ አሰሳና የጅምላ እስር ተከተለ። ከዚያ በኋላ ካሜራ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህ ፊትን መሸሸግ ሱቅን እንደ መቆለፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ በዚያው ስልክ ሌላ ዓይነት ቪዲዮ ይከፈታል። የተቀረጸው አገር ቤት ነው። ላስቲክ ቤት ውስጥ የተኛች እናት፣ ማይክሮፎን የያዘ ወጣት፣ ከግርጌ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከበስተጀርባ የዋሽንት ዜማ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን» ይላታል። ትነግረዋለች፤ ባሏ እንዴት እንደተዋት፣ በሽታዋ ምን እንደሆነ፣ ከልጇ ጋር የት እንደሚያድሩ። ካሜራው እንባዋ እስኪወርድ ይጠብቃል። እዚህ ያለው ፊት ብቻ ነው።

ለዚህ አማርኛ ቃል አለው፤ ገበና። ምስጢር ለሚታመን ሰው ይነገራል፤ ገበና ግን የሚሸፈን ነገር ነው፣ የሚያውቀው ሰው እንኳ እንዳላወቀ ሆኖ የሚያልፈው። ደግ ሰውን «ገበና ሸፋኝ» ብለን የምናመሰግነው ለዚህ ነው። ገበና የሌለው ቤት የለም፤ ግድግዳ ያለው ቤትና የሌለው ቤት ነው ያለው።

ልመናን ዛሬ አልጀመርነውም። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ደጅ ሲቆም የሚጠራው የማርያምን ስም ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እቤቱ ምን እንደጎደለ አይተርክም። ላሊበሎችም ጎህ ሳይቀድ ተከናንበው መጥተው የሚያዜሙት ስለ ራሳቸው ችግር ሳይሆን ስለ ቤቱ ባለቤት ደግነት ነው። ጠያቂው የሚሸሸግበት ጨለማና የተለመደ ቃል ነበረው። ያኔ ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ስንቱ በተዘጋ በር ሥር ተርቦ አድሯል። ግን ለአንድ እንጀራ የሕይወት ታሪክ አይከፈልም ነበር።

አሁን ይከፈላል፤ ሒሳቡም ግልጽ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር የተጫነው የመጀመሪያ ቪዲዮ አንድ ወጣት መካነ እንስሳት ውስጥ ዝሆኖች ፊት ቆሞ የሚያወራበት 19 ሰከንድ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ኩባንያው የማስታወቂያ ገቢውን ከቀራጮች ጋር መካፈል ያዘ፤ ለረጅም ቪዲዮ የቀራጩ ድርሻ 55 በመቶ ነው። እዚያ ለመድረስ በመደበኛው መንገድ 1,000 ተከታይና በዓመት 4,000 ሰዓት መታየት ያስፈልጋል። እንግዲህ እናትየዋ ታሪኳን ባረዘመች ቁጥር ሰዓቱ ይሞላል። የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ እንደ ተመልካቹ አገር ይለያያል፤ ሀብታም አገር ያለ ዓይን ይበልጥ ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ጄፒ ላይ የሚፈስ እንባ ሽሮ ሜዳ ከሚፈሰው የተሻለ ያወጣል።

ገቢ መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ሐኪምም በበሽታ ነው የሚኖረው። መጋረጃና ብርድ ልብስ የሚሸጥ አንድ ወዳጄም ይህንኑ ሞገተኝ። «አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ። ካልታየች ማን ያውቃታል? እኔ ባላያት ኖሮ እልክላት ነበር?» ልኳል፤ እኔ ያን ቀን ምንም አልላክሁም። የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ስለ ገበና የሚጻፍ ድርሰት አያድነውም፤ ቪዲዮው ያዳናቸው ሰዎች አሉ። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ታሞ አያውቅም።

«ታዲያ አንተ ለምን ፊትህን አታሳይም?» አልኩት።

«እኔ የምሸጠው ብርድ ልብስ ነዋ!»

ከካንት ይልቅ ይህ መልስ ነገሩን ያስረዳኛል። እሱ በራሱና በገበያው መካከል የሚያስገባው ዕቃ አለው፤ እሷ የላትም። ፈቅዳለች ይባላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ስለ ፈቃድ ይናገራል። ነገር ግን እምቢ ማለት መድኃኒት የሚያሳጣ ከሆነ «እሺ» የሚለው ቃል ምን ያህል ይመዝናል? ፈቃዱስ እስከ መቼ ነው? ቤት ተሠርቶላት፣ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ጓደኞቹ ቪዲዮውን ቢያገኙት የፈቀደላቸው ማን ነው?

ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1758 ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ ቴአትርን ሲከስ፣ ተመልካች ለልብ ወለድ ሐዘን አልቅሶ ሰብአዊ ግዴታውን የተወጣ እየመሰለው ወደ ቤቱ ይሄዳል ይል ነበር። እኛን አላወቀንም፤ እኛ አልቅሰን እንልካለንም። የኛ ጣጣ ሌላ ነው። ስንልክ መታለል እንፈራለን፤ ስለዚህ ፊቷን ደረሰኝ አድርገን እንጠይቃለን። ቀራጩ የሚያቀርበው እኛ የጠየቅነውን ነው።

ጄፒ ላይ አንዱ ወገናችን ሲሞት መዋጮ ይሰበሰባል፣ አስከሬኑ ወደ አገሩ ይሸኛል፤ ስንት ዕዳ እንደነበረበት፣ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደነበረ ማንም አይጠይቅም። ስለምናውቀው ነው። ላስቲክ ቤት ያለችው እናት ከዕድራችን ውጭ ናት፤ ለኛ እንድትታወቅ ያለባት በዚያ መስኮት ብቻ ነው። የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የጎረቤት ምስክርነት ማቅረብ ይቻላል፤ ፊቷም እንደ ነጋዴው ሊሸሸግ፣ እጇ ብቻ ሊታይ ይችላል። ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። ብዙ አሰበ።

«እውነቱን ልንገርህ? እጅ ብቻ ቢሆን አልከፍተውም ነበር» አለኝ። ደንበኛ ገብቶ ስለነበር ወሬያችን እዚያው ቆመ።