የበዓልን ቀን ለሌላ ሰው ስለ መስጠት

ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር ሊሰጥ ይችላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሌላውን ገንዘብ አንሥቶ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ቸር ተብሎ እንደማይመሰገን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ጥያቄው ከገንዘብ ወጥቶ ወደ ቀን በተዛወረ ጊዜ መልሱ ይከብዳል። አንድ ወጣት የዓመት በዓሉን ጊዜ ትቶ፥ በሩቅ ስፍራ ያሉትን ሰዎች ያለ ደመወዝ ለማገልገል ቢሄድ፥ የሰጠው የማንን ቀን ነው? የራሱን ነውን? ወይስ የእናቱን?

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን ብዙ ወጣቶች በክረምት ወራት በበጎ ፈቃድ ሥራ ይሰማራሉ፤ የአረጋውያንን ቤት ይጠግናሉ፥ ችግኝ ይተክላሉ፥ ደም ይለግሳሉ፥ ሕፃናትን ያስጠናሉ። ከእነርሱም መካከል ዐውደ ዓመትን ከቤታቸው ርቀው የሚውሉ አሉ። በሌላው ዓለምም የገናን ሰሞን በባሕር ማዶ ደሴቶች እያገለገሉ የሚያሳልፉ ወጣቶች አሉ። ሥራቸው መልካም ነው። መልካም ሥራ ግን ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል፤ ክፉውን ሥራ ሁሉም ይመረምረዋልና።

በእኛ አገር ዐውደ ዓመት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። እናት ጠላውን የምትጠምቀው፥ ቄጤማውን የምትጎዘጉዘው፥ አባትም በጉን ከገበያ እየጎተተ የሚያመጣው ለራሳቸው ሆድ ብለው አይደለም፤ ልጅ ይመጣል ብለው ነው። ልጅ የቀረ እንደ ሆነ ከምግቡ የሚጎድል ነገር የለም፤ በዓሉ ግን ይጎድላል። እንግዲህ የበዓልን ቀን ለሌላ የሚሰጥ ሰው፥ ከእናትና ከአባቱ ድርሻ ላይ ቆርሶ እንደሚሰጥ ሊያውቅ ይገባል።

አባቶቻችን ስለ እርዳታ ሥርዓት ሳያስቡ አልቀሩም። በወንፈል ዛሬ የእኔን ማሳ ያረመልኝን ሰው ነገ እኔ የእርሱን አርምለታለሁ፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። በደቦ ግን የተጠራው ሰው የጉልበቱን ብድር በቀን ቆጥሮ አይጠይቅም፤ ባለ ማሳው እንደ አቅሙ ጠላና እንጀራ ያቀርብለታል። ለደቦ የወጣ ሰው «እኔ ላግዝህ ብቻ ነው የመጣሁት፤ እህል ውሃህን አልቀምስም» ቢል ባለ ቤቱን ያዋርደዋል እንጂ አይመሰገንም። ስለዚህ በአባቶቻችን ዘንድ የሚረዳ ሰው የሚረዳውን ሰው እንጀራ የመብላት ግዴታ ነበረበት ማለት ነው።

ወደ ሩቅ አገርም ብንመለከት ምሳሌ አናጣም። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የኩባ ደሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 መሃይምነትን ለማጥፋት ዘመቻ አወጀች። ከአንድ መቶ ሺህ የሚበልጡ ወጣቶች ፋኖስና የፊደል መጽሐፍ ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። በገበሬው ጎጆ እያደሩ፥ ቀን ከእርሱ ጋር በእርሻ ይውሉ፥ ማታ በፋኖስ ብርሃን ያስተምሩት ነበር። የመንግሥቱን ፖለቲካ ወደ ጎን ትተን አንድ ነገር እናስተውል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሱት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት የወላጆቻቸውን ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። በዚያ ዘመቻ የተገደሉ አስተማሪዎች ስለ ነበሩ፥ በፈቃዱ ወረቀት ላይ የፈረመች እናት ምን ያህል እንደ ሰጠች መገመት አያስቸግርም። ዘመቻው ታኅሣሥ 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ በእነርሱ አቆጣጠር የገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፥ በሃቫና ከተማ ተፈጸመ። የዘማቾቹ ስም በታሪክ ተጻፈ፤ ልጅ የላኩትን እናቶች የሚያነሣቸው ግን ጥቂት ነው።

የእኛም አገር እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የሚሳተፉበት ሆነ፤ ገናም የቀረው 17 ቀን ብቻ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እነዚህ በመንግሥት ትእዛዝ የተደረጉ ነበሩና በጎ ፈቃድ ልንላቸው አንችልም። ነገር ግን ትእዛዝ እግርን ይወስዳል እንጂ ልብን አይወስድም፤ ታዝዞ ሄዶ በልቡ ፈቃድ ያገለገለ ሰው ብዙ ነበር።

እኔም ወጣት መምህር ሳለሁ በ1972 ዓ.ም. ክረምት ለዚሁ ትምህርት በራያ ቆላ፥ ከቆቦ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ተመድቤ ነበር። ቆቦ ከወልዲያ በስተ ሰሜን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቃ፥ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ገበሬውም በስተ ምዕራብ ካለው ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ የማሽላና የጤፍ ማሳውን ያጠጣል። ማሽላው የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፥ ልጃገረዶች በነሐሴ ሶለል እያሉ ሲጨፍሩ፥ እንቁጣጣሽም ሲብት፥ የብዙው ሰው ጎተራ ባዶ ነው። በዚያ አገር የክረምት በዓል የሚውለው እህል ባነሰበት ጊዜ ነው።

ፊደል ከማስተምራቸው ሰዎች መካከል ከእናቴ ዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። በመስከረም 1 ቀን ጠዋት የጎረቤት ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ከነበሯቸው ሁለት ዶሮዎች አንዷን አሳርደው፥ በማሽላ እንጀራ አቀረቡልኝ። የቤታቸውን ሁኔታ አውቅ ነበርና እጄን ለመዘርጋት ከበደኝ። ነገሩ ገባቸውና እንዲህ አሉኝ፤

«ብላ የኔ ልጅ። እናትህ ዛሬ ደጅ ደጁን ስታይ ነው የምትውል። የኔም ልጅ ለወታደርነት ከሄደ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አንተን ሳበላ፥ የኔን ልጅ ደግሞ የምታበላ እናት ባለበት አገር አትጠፋም እላለሁ።»

እኔም በላሁ።

እኒያ እናት በዚያች ማለዳ ያስተማሩኝን ነገር ከዚያ በኋላ ባነበብኳቸው ብዙ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ተገልጦ አላገኘሁትም። እኔ የሰጠኋቸው ፊደል ነው፤ ዕውቀት ደግሞ ለሌላ ቢሰጡት አይቀንስም። እርሳቸው ግን ከሁለት ዶሮ አንዷን ሰጡ። እኔ ከትርፌ ሰጠሁ፤ እርሳቸው ከጉድለታቸው ሰጡ። ከዚህም በላይ በአንድ መሶብ ዙሪያ ያዩት ሁለት ሰው ብቻ አልነበረም፤ እናቴንና ልጃቸውንም ቆጥረው አራት ሰው አዩ። የእናቴ ድርሻ መቆረሱን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው አወቁት፤ ስለ እርሷም ሆነው አበሉኝ።

ይህን ያላስተዋለ ልግስና ምን እንደሚመስል ለማየት ከቆቦ ብዙ መራቅ አያስፈልገንም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ ከቆቦ በስተ ሰሜን፥ ከአላማጣ በላይ ባለው በኮረም እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ በነበረበት ወራት፥ የውጭ አገር ሐኪሞችና ነርሶች ከዘመዶቻቸው ርቀው በሽተኛውን አስታመዋል፤ ምስጋናቸው አይረሳም። በዚያው ሰሞን፥ ኅዳር 16 ቀን፥ ስመ ጥር ዘፋኞች በለንደን ተሰብስበው ለረኃቡ እርዳታ የሚሆን ዘፈን ቀዱ። ገንዘቡም ብዙ ሰው ረዳ። የዘፈኑ ርእስ ግን «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ነበር። ከዚያ ተራራ ማዶ ላሊበላ አለ፤ በዚያም ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱና ሕዝቡ ገናን ሲያከብሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሰጪው ልቡ ሩኅሩኅ ነበር፤ ነገር ግን የሚሰጠው ሰው የራሱ በዓል እንዳለው አልጠየቀም። የተራበ ሰው ሆዱ ባዶ ነው እንጂ ዓመቱ ባዶ አይደለም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከማሰብ በየቤታችን ተቀምጠን ከዘመዶቻችን ጋር በዓላችንን ብንውል አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሴ አይደለም ነው። ሁሉም የራሱን ልጅ ብቻ የሚያበላ ቢሆን፥ በመንገድ ላይ ያለውን ልጅ ማን ያበላዋል? ዛሬም ከራያ ቆላ ብዙ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ በበዓል ቀን ደጅ ደጁን የምታይ እናት በእያንዳንዱ ሰፈር አለች። ልጁን ወደ ሌላው የማይልክ፥ የሌላውንም ልጅ የማይቀበል ቤት ከዚህ ሰንሰለት ተቆርጦ የወደቀ ቀለበት ነው።

ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ በዓላችሁን ለሌላ ሰው ለመስጠት ብታስቡ ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ። አንደኛ፥ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁን ፈቃድ ጠይቁ። ይህንንም ስል አሳውቃችሁ ሂዱ ማለቴ አይደለም፤ «ድርሻሽን ቆርሼ ልስጥን?» ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ ማለቴ ነው። እርሷ ከፈቀደች ስጦታው የሁለታችሁ ይሆናል፤ ካልፈቀደች ደግሞ ምክንያቷን አድምጡ፤ ምናልባት በዚያ ዓመት ከሁሉ ይልቅ የምታስፈልጓት ለእርሷ ይሆናል።

ሁለተኛ፥ በሄዳችሁበት አገር የሰዎቹን በዓል ጠይቁ፥ የሚሰጧችሁንም ተቀበሉ። ምግባቸው ጥቂት ቢሆን ጥቂት ብሉ፤ ነገር ግን ብሉ። መስጠትን እንጂ መቀበልን የማያውቅ ሰው ሌላውን ሁልጊዜ ከእጁ በታች ያኖረዋል፤ ይህም በትሕትና ልብስ የተሸፈነ ትዕቢት ነው።

ሦስተኛ፥ በተመለሳችሁ ጊዜ ብድራችሁን ክፈሉ። ለአበላቻችሁ ሴት መልሳችሁ መክፈል አይቻላችሁም ይሆናል፤ እርሷም ይህን አልጠበቀችም። ነገር ግን በመጪው ዐውደ ዓመት በሰፈራችሁ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ፥ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ፥ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ይኖራሉ። እነርሱን ወደ እናታችሁ ቤት ጥሩ። እናታችሁም ለእንግዳው ስትቆርስ፥ ያን ጊዜ በእናንተ መቅረት ያጣችው በዓል በቤቷ ይሞላላታል።